ናሙናው የሷ አይደለም

ቅጹ ላይ «የስኳር ሕመም፣ ዓይነት አንድ፣ ኢንሱሊን ትወጋለች» ብዬ ጻፍኩ። ልጄ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት ያልገባችው በዚህ ነው። ከከተማው አስራ አንድ ልጅ አለፈ፣ አስሩ ሄዱ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማንም እጄን ይዞ አላጻፈኝም።

ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ ይጠይቀኛል። ለአንዱ ስነግር ሌላው ይመጣል። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ሆስፒታል ላብራቶሪ ነው የምሰራው፤ ደሙ ማሽኑ ላይ እስኪሽከረከር ጥቂት ደቂቃ አለችኝ። በሷ ነው የምጽፈው።

መቅደላዊት አስራ አራት ዓመቷ ነው። ስኳሩ አስራ ሁለት ዓመቷ ላይ ተገኘባት። ያገኘሁትም እኔው ነኝ፣ እዚሁ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ። ሁለቴ ደገምኩት። ሦስተኛውን አብሮኝ የሚሰራው ኦብሳ ሰራው። ያው ነው።

የዛኑ ቀን ባሌ ደመቀና እናቱ እማማ አልጣሽ ተማከሩ። ለሰው አይነገርም ተባለ።

«ሴት ልጅ ናት» አሉ እማማ አልጣሽ። «ነገ ሽማግሌ ሲመጣ፣ ያቺ በመርፌ የምትኖረዋ ናት ወይ ይባላል። ሲሬ ያሉት ዘመዶች ከሰሙማ አለቀ፣ ጡሩምባ ነው የሚነፉት።»

እኔ ምን አልኩ? ምንም አላልኩም። መድኃኒቱን ፍሪጅ ውስጥ የቅቤ እቃ ውስጥ የደበቅኩት እኔ ነኝ። እንግዳ ሲመጣ ሽንት ቤት ገብታ እንድትወጋ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ። ንጹሕ ነኝ አልልም።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ውጤት መጣ። ልዩ ትምህርት ቤቱ ከየወረዳው ጎበዝ ጎበዙን ልጅ ለቅሞ ነው የሚወስደው። ፈተና አለ፣ ከፈተናው በኋላ ደግሞ ሌላ ፈተና። መቅዲ ሁለቱንም አለፈች። ደመቀ ግብርና ቢሮ ነው የሚሰራው፤ ለዘበኛው ሳይቀር ነገረ። እማማ አልጣሽ ልጅቷን ሲያዩ «ዶክተር» ማለት ጀመሩ። ጎረቤት ብርድ ልብስ ይዞ መጣ። ገና ሳትሄድ ሦስት ብርድ ልብስ።

ሳምራ አላለፈችም። ሳምራ የደመቀ እህት ልጅ ናት፤ ቤታቸው ከኛ ጋር አጥር ይጋራል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከመቅዲ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት። አላለፍሽም ሲሏት አላዘነችም።

«እኔ እኮ ግማሹን ከመቅዲ ነው የጻፍኩት» አለች። «ግማሹ ላይ ፈታኙ ቆመብኝ።»

እሷ እዚሁ ሰፈር ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትገባለች። እዛ ማንም ይገባል። ስምንተኛን ያለፈ ሁሉ። አንድ ክፍል ውስጥ ሰማንያ ልጅ፣ በፈረቃ። መስኮቱ መስታወት የለውም፤ የአሰላ ብርድ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከማለፊያው ወረቀት ጋር የጤና ምርመራ ቅጽ መጣ። ተራ ቁጥር አራት፦ የሽንት ስኳር። አለ፣ የለም። አንዱ ላይ ምልክት አድርግ።

«ኦብሳ ይሙላው» አለ ደመቀ።

«ምን ብሎ?»

«የለም ብሎ።»

«ደመቀ፣ አለ እኮ።»

«መኖሩን እኔም አውቃለሁ። ለነሱ ነው የለም የምንለው።»

ለኦብሳ ነገርኩት። ኦብሳ ደግ ነው፤ ደግነቱ አንዳንዴ ያስፈራል።

«አቦ፣ አንቺ ደግሞ ነገር አታክብጂ። ጠዋት መድኃኒቷን በደንብ ተወግታ፣ ትንሽ ቆይታ ሽንቷን ትስጥ። መመርመሪያ ስትሪፑ ቀለም ካልቀየረ ‹የለም› ብለሽ ጻፊ። ያየሽውን ነው የጻፍሽው። ውሸት የለበትም።»

«ለሌላ ሰው እንዲህ አድርገህ ትጽፋለህ?»

አሰበ። «ለሌላ ሰው አልጽፍም።»

«እንግዲህ።»

ቅጹን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሦስት ቀን እዛው ተቀመጠ። በአራተኛው ቀን እማማ አልጣሽ ላብራቶሪ መጡ። ወረፋው እስከ በሩ ድረስ ነው፤ እሳቸው ወረፋ አያውቁም። የነጠላቸውን ጫፍ ፈተው ትንሽ ብልቃጥ አወጡ።

«ይቺን መርምሪና ጻፊ።»

«የማን ነው?»

«የማን ነው ይባላል? የልጄ ነዋ።»

«የቷ ልጅዎ፣ እማማ?»

«ሁለቱም ልጆቼ ናቸው።»

የሳምራ ነው። ልጅቷን «ለአዲሱ ትምህርት ቤት ምርመራ ነው» ብለው አታለው አምጥተውታል። አልጨቃጨቅኩም፤ ወረፋ አለብኝ። ተቀብዬ ሸኘኋቸው። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እጄ ልምድ ሆኖበት ነው መሰለኝ፣ ስትሪፑን ነከርኩበት።

ቡናማ ሆነ። ስኳር አለ። በብዛት።

ስልክ አንስቼ ሳምራን አሁኑኑ ነይ አልኳት። እየሮጠች መጣች። ጣቷን ወጋሁ። ምንም የላትም፣ ጤነኛ ናት። ኦብሳ ብልቃጡን አንስቶ አሸተተው። ከዛ ወጥቶ ሄደ፤ ኮሪደር ላይ ሲስቅ ይሰማኛል። የማር ብልቃጥ ነው። እማማ አልጣሽ በውሃ አለቅልቀው ያመጡት።

«ለምንድነው ጣቴን የወጋሽኝ፣ እትዬ የውብዳር?» አለች ሳምራ።

«ለምርመራ ነው» አልኳት።

አሁንም ዋሸሁ።

ተጠራሁ። ተመለስኩ። ቀጥሎ የፍልሰታው ነው።

መቅዲ አትጾምም። ማለቴ ቤት ውስጥ አትጾምም፤ ውጪ ግን ጿሚ ናት። ይሄንንም ያስተማርናት እኛ ነን። ነሐሴ አስራ አንድ ቀን ከሳምራ ጋር ሊቆርቡ ተባባሉ። «ከመሄዴ በፊት አብረን» ብላታለች። ጠዋት መርፌዋን ተወጋች። ቁርሷን አልበላችም። ከዛ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ቆመች። እኔ ሥራ ገብቼ ነበር፣ የማውቀው ነገር የለም።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሳምራ ደወለች።

«እትዬ፣ ቶሎ ነይ። መቅዲ ላይ ሰይጣን ተነስቶባታል።»

ጋውኔን እንደለበስኩ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ስደርስ ግቢው ውስጥ ዛፉ ስር አራት ሴቶች ይዘዋታል። ጠበል ረጭተውባት ከላይ እስከ ታች ርሳለች፣ ላቡ ግን ከጠበሉ ይለያል። ትንቀጠቀጣለች። ትለፈልፋለች። ጠጋ ብዬ ሰማሁ። «ሁለት ኤ ቢ፣ ሁለት ኤ ቢ» ነው የምትለው። ሒሳብ ነው።

«ስሙን እየተናገረ ነው» አለች አንዷ። «ማን ነህ አንተ? ልቀቃት።»

ሳምራ አጠገቧ ቆማ ታለቅሳለች። እጇ ላይ አንድ እፍኝ ከረሜላ አለ። ከቅዳሴ ሲወጡ ሊበሉት ያመጡት ነው። ከመቅዲ አፍ እስከ ሳምራ እጅ አንድ ክንድ አይሞላም።

ቦርሳዬ ውስጥ ሁሌም በስኳር የተበጠበጠ ውሃ በጠርሙስ አለ። አወጣሁት። ጭንቅላቷን ደግፌ ወደ አፏ አስጠጋሁ።

«አንቺ ሴት» አለችኝ የያዘቻት ሴት። «ልጅቷ ቆራቢ ናት፣ ቅዳሴው አልወጣም።»

«ስኳር በሽተኛ ናት።»

«ምን?»

«ስኳር በሽተኛ ናት። ሁለት ዓመት ሆኗታል።»

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። አጥሩ ጋ የቆሙት ሁሉ ዞሩ። ሴትዮዋ የመቅዲን ክንድ ለቀቀች፣ እንደሚጋባ ነገር። እኔ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣኋት። መዋጥ ትችል ነበር፤ ተመስገን።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታ ዓይኗ ሰው አየ። መጀመሪያ ያለችው ይሄንን ነው፦

«ተናገርሽ?»

«ተናገርኩ።»

ፊቷን ወደ ዛፉ አዞረች።

ባጃጅ ውስጥ ሳምራ መሀላችን ተቀመጠች። ከረሜላውን አሁንም አልጣለችውም፤ እጇ ላይ ቀልጧል።

«ብትነግሩኝ እሰጣት ነበር» አለች።

ቀጥላም «እና ሽንቴን የወሰዳችሁት ለዚህ ነው?» አለች።

የቀለጠውን ከረሜላ ከእጇ ላይ በጋውኔ ጫፍ ጠረግኩላት።

ወደ ማታ አባ ገብረ ማርያም ቤት መጡ። የነፍስ አባታችን ናቸው። ተቀመጡ ሲባሉ እንኳ አልተቀመጡም።

«ኃጢአታችሁን ትነግሩኛላችሁ፣ ሕመማችሁን ትደብቁኛላችሁ። በሽተኛዋን ጹሚ ያላት ማን ነው?»

እማማ አልጣሽ መሬት መሬት አዩ። ደመቀ «ለስሟ ብለን ነው አባ» አለ።

«ስሟን እኔ አውቀዋለሁ። ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ» አሉና ወጡ።

እኔ ግን ሳስብ ያመሸሁት ስለ ከረሜላው ነው። አዳሪው ቤት አንድ መኝታ ክፍል ውስጥ ስንት ልጅ እንደሚተኛ አላውቅም። አስር ይሁን፣ ሃያ ይሁን። ሁሉም ጎበዝ ናቸው፣ ተለቅመው የመጡ። ሁሉም ትራሳቸው ስር ከረሜላ ይኖራቸዋል። ስኳሯ ሲወርድ አንዷም አታውቅም። መቅዲ አትነግራቸውም። እንዳትናገር አድርገን ያሳደግናት እኛ ነን።

በማግስቱ ሥራ ገባሁና ቅጹን ከመሳቢያ አወጣሁ። ተራ ቁጥር አራት ላይ «አለ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ከስሩ ቦታ ስለነበረ መጀመሪያ ላይ ያልኩትን ጻፍኩ። ኦብሳ አየው፣ እኔን አየኝ፣ «ቶሌ፣ እሺ» አለና ማኅተሙን መታበት።

ለደመቀ አሳየሁት።

«ልጅቷን ገደልሻት» አለኝ።

«አልሞተችም። ትናንት ግን ትንሽ ነበር የቀራት።»

«አየሽ፣ አንቺ ፈሪ ነሽ። እዚሁ ጉያሽ ስር እንድትቀር ነው የምትፈልጊው።»

ይሄኛው ትንሽ አመመኝ። እውነትነት ስላለው ነው። ቅጹን ግን አልቀየርኩም።

ያን ሰሞን ሳምራ ማታ ማታ መምጣት ጀመረች። «አሳዪኝ» አለችኝ። ብርቱካን ሰጥቻት መርፌ አያያዝ አስተማርኳት። ሲወርድ ምን ይመስላል፣ ሲወጣ ምን ይመስላል፣ መቼ ጣፋጭ ይሰጣል፣ መዋጥ ካቃታት ምንም አፏ ውስጥ እንደማይገባ፣ ሁሉንም። አንድ ኪሎ ብርቱካን ወግታ ጨረሰች። ለትምህርት ይሄን ያህል ተግታ አታውቅም።

መቅዲ በሩ ጋ ቆማ አየቻት። «ዶክተር ሳምራ» አለቻት፣ እያሾፈች።

«አንቺ ታማሚ፣ ዝም በይ» አለቻት ሳምራ።

ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ያንን ቃል እቤታችን ውስጥ ማንም ጮክ ብሎ ብሎት አያውቅም።

ማክሰኞ ከመቅዲ ጋር ወደ አዳሪው ትምህርት ቤት ሄድን። ሁለት ሰዓት የሚኒባስ መንገድ ነው። ትራንስክሪፕቷን፣ ቅጹን፣ አራት ፎቶ ይዘናል። እውነቴን ነው የምለው፣ ሊቀበሏት ይችላሉ ብዬ ነበር። እነዚህ የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ ሲነገራቸው ይገባቸዋል ብዬ ነበር። መቅዲም እንደዛ ብላ ነበር መሰለኝ፤ ጠጉሯን አዲስ ተሰርታለች። ግቢው ያምራል። ሳሩ ታጭዷል። የሳይንስ ላብራቶሪው በር ክፍት ነበር፤ ቆማ አየችው። ወደ ውስጥ ግን አልገባችም።

መዝጋቢው ጨዋ ሰው ነው። ተነስቶ ወንበር ሰጠኝ። ውጤቷን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፣ በአድናቆት። ከዛ ቅጹን ገለጠ።

«ይሄ ትክክል ነው?»

«ትክክል ነው። እኔ ነኝ የሞላሁት።»

«ክሊኒካችን ፓራሲታሞልና ፋሻ ነው ያለው፣ እርስዎም ያውቁታል።»

«ፍሪጅ አላችሁ?»

«የመምህራን ክበብ ውስጥ አለ።»

«እዛ ይቀመጥላት። መርፌውን ራሷ ትወጋለች። ከናንተ የምፈልገው አንድ ሁለት ሰው እንዲያውቅ ብቻ ነው። አብሯት የሚተኛ ልጅ፣ አንድ አስተማሪ።»

«ችግሩ እሱ ነው። ካወቅን ኃላፊነት አለብን።»

«ካላወቃችሁስ?»

«ካላወቅን አላወቅንም።»

እስክርቢቶውን አስቀመጠ። ጠጋ አለና ድምፁን ቀነሰ፤ እርስዎ ማለቱንም ተወ።

«እህቴ፣ ስሚኝ። እንደሷ ያለች ልጅ እንድትቀርብን አንፈልግም። ሌላ ወረቀት ይዘሽ ነይ። እስከ አርብ እጠብቅሻለሁ። ሆስፒታል አይደል የምትሰሪው?»

«ሌላው ወረቀት ስኳሯን ያስተካክለዋል?»

«ለራሷ ስል ነው የምነግርሽ።»

መቅዲ ጠረጴዛው ስር ቀሚሴን ጎተተች። እሺ በይው ማለቷ ነው። ገብቶኛል። ወረቀቶቹን ሰበሰብኩና ተነሳሁ።

ሚኒባስ ውስጥ ግማሽ መንገድ ላይ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ ነሽ ያስቀረሽኝ።»

«አዎ።»

«ከሁሉም እኔ ነኝ የበለጥኩት። ሁሉም ሊሄዱ ነው፣ እኔ ልቀር ነው።»

«አዎ።»

«ይቅርታ እንኳ አትይም?»

«የደበቅኩሽን ሁለት ዓመት ይቅርታ እልሻለሁ። ለዚህኛው አልልም።»

እስከ አሰላ፣ እቤት ከገባንም በኋላ አላናገረችኝም። አስራ አራት ዓመቷ ነው። ምረጪ አላልኳትም። ምረጪ ብላት አዳሪውን ነበር የምትመርጠው፤ ሽንት ቤት ውስጥ እየተደበቀች እየተወጋች። ስለዚህ እኔ መረጥኩ። ሰው የሚለውን ይበል።

ብሏልም። እማማ አልጣሽ ለጎረቤት ሁሉ «ምራቴ ናት ያስቀረቻት» ብለዋል። የብቅል ፋብሪካው ሰፈር የምትኖር የሥራ ባልደረባዬ «ምቀኝነት እኮ በእናት አያምርም» አለችኝ። እሷ ልጅ የላትም። ተውኳት። ብርድ ልብስ ካመጡት አንዷ መጥታ ብርድ ልብሷን ጠየቀች። ሰጠኋት።

ሐሙስ ከሥራ ስገባ ደመቀ ሳሎን ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት። አዲስ ቅጽ፣ አዲስ ማኅተም፣ የአንድ ክሊኒክ። የዚህ ከተማም አይደለም። መቅደላዊት ደመቀ፣ ሴት፣ አስራ አራት። የሽንት ስኳር፦ የለም።

«ነገ እኔ እወስዳታለሁ» አለ። «አንቺ ሥራሽን ሥሪ።»

«መቅዲ አብራህ ሄዳ ነበር?»

«አልሄደችም።»

«እና የማን ሽንት ነው?»

«ምን አገባሽ?»

«ሙያዬ ነው። የማን ነው?»

ጫማውን አየ። አርባ አራት ዓመቱ ነው፣ የቢሮ ኃላፊ ነው።

«የኔ ነው» አለ።

መቅዲ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆማለች።

«የአባዬን ሽንት?» አለች። ከማክሰኞ ወዲህ እኔ ባለሁበት ስትናገር መጀመሪያዋ ነው።

ደመቀ ቀና አላለም። አዘንኩለት። እውነት አዘንኩለት፤ ለልጁ ብሎ ነው እዛ ድረስ ሄዶ ብልቃጥ ይዞ የተሰለፈው። ቀዩን እስክርቢቶ ከቦርሳዬ አወጣሁ። እኛ ላብራቶሪ ውስጥ የስም ችግር ያለበት ብልቃጥ ሲመጣ የምንሰራው አለ፤ አንመረምረውም፣ አንደብቀውም፣ ላዩ ላይ እንጽፍበታለን። ወረቀቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ጻፍኩ፦ «ናሙናው የታካሚዋ አይደለም። ውድቅ።» ስሜን፣ ቀኑን፣ ፊርማዬን አስቀመጥኩ።

«አሁን ውሰዳት» አልኩት።

አልወሰዳትም።

አርብ ጠዋት ፈቃድ ጠየቅኩና ሁለቱን ልጆች ይዤ የሰፈሩ ሁለተኛ ደረጃ ሄድኩ። በእግር ከሆስፒታሉ ስምንት ደቂቃ ነው። ቆጥሬዋለሁ። ዝናብ ነው፤ ሰልፉ ከበሩ ውጪ ጭቃው ላይ ነው የቆመው። ገበሬው፣ ባለ ጋሪው፣ ነጋዴዋ፣ ሁሉም ልጁን ይዞ። የሚፈተን የለም፣ የሚለቀም የለም። ሳምራ ከሰልፉ ውስጥ ስምንት ሰው ሰላም አለች። መቅዲ ኮፍያዋን ፊቷ ላይ ጎትታለች።

የሚመዘግበው ወንደሰን የሚባል የፊዚክስ አስተማሪ ነው። የመቅዲን ካርድ ሲያይ ቀና አለ።

«ይቺ ያቺ ያለፈችው አይደለችም?»

«ናት።»

«ታዲያ እዚህ ምን ልትሰራ መጣች?»

«ልትማር።»

መዝገቡ ላይ «ምርመራ» የሚል ዓምድ አለ። «እዛ ላይ ስኳር ብለህ ጻፍ» አልኩት። ጻፈ። ከዛ ምን አለ መሰላችሁ?

«ስትወድቅ ምንድነው የማደርገው?»

አንድ ሰው ይሄንን እስኪጠይቀኝ ሁለት ዓመት ፈጀ። ነገርኩት። ከኋላችን ያሉት ሁሉ ሰሙ። መቅዲ ኮፍያዋን አላወለቀችም፣ ግን አልሄደችም።

«ጥሩ» አለ ወንደሰን። «ዘጠኝ ኤ።»

«ሳምራስ?»

ካርዷን አይቶ አንዱ ዝርዝር ላይ ስሟን ጻፈ። «ዘጠኝ ጂ።»

«ሁለቱን አንድ ክፍል አድርጋቸው።»

«አይቻልም። ምደባው በውጤት ነው። ጎበዞቹ ኤ ናቸው፣ ሻል ሻል ያለውን አስተማሪ እዛ ነው የምናስገባው።»

ይኸውላችሁ። ማንም ይገባል የተባለው ቤት ውስጥም ማጣሪያ አለ።

«እንግዲያው ጂ ትግባ» አልኩት።

«እትዬ፣ ጂ እኮ ደጋሚዎች ናቸው። ልጅቷ ምን አድርጋሽ ነው?»

«መርፌውን የምታውቀው ሳምራ ናት። ኤ ውስጥ የሚያውቅ ማን አለ?»

«ይማራሉ።»

«እስኪማሩ ጂ ትሁን። ትምህርቱን ራሷም ታጠናዋለች፣ አባቷም አለ፣ እኔም አለሁ። ላብራቶሪ ከጎደላት የኔ አለ።»

ወደ መቅዲ ዞረ። ከኔ ይልቅ እሷ ትሻላለች ብሎ ነው።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

መቅዲ ሳምራን አየች። «ትኮርጅብኛለች» አለች።

«ግማሹን ብቻ» አለች ሳምራ።

«አየሽ» አለኝ ወንደሰን።

«ድሮም ትኮርጅብኛለች» አለች መቅዲ። «ከሷ ጋር ነው የምቀመጠው።»

ወንደሰን ፊቱን አሸ። «እኔ ብቻዬን ይሄንን አልወስንም። ርዕሰ መምህሩ ሰኞ ነው የሚመጡት። ሰኞ ተመለሺ።»

ከኋላዬ አንዱ «ሴትዮ፣ ቶሎ በይልን፣ ጋሪ አቁሜ ነው የመጣሁት» አለ።

እስክርቢቶውን ከወንደሰን እጅ ወሰድኩ። የዘጠኝ ጂን ዝርዝር ወደ ራሴ አዞርኩና ከሳምራ ስም ስር፣ ሰባ ዘጠነኛው መስመር ላይ፣ መቅደላዊት ደመቀ ብዬ ጻፍኩ።